የፓርቲ ውስጥ ፉክክር ዕጩን ያጠነክራል ወይስ ለተቀናቃኝ አሳልፎ ይሰጣል?

የአሌክሳንድሪያው (ክሩን የከፈተ)

ማርች 5 ቀን 2024 ቨርጂኒያ የፕሬዚዳንታዊ ዕጩዎች ቅድመ ምርጫ ስታካሂድ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ በምርጫ አስፈጻሚነት ተመድቤ ነበር። ሥራዬ መታወቂያ ተቀብሎ ስም ከመዝገብ ላይ መፈለግ ነበር። በእኛ ክፍለ ግዛት መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ ስለዚህ ሁለቱ ፓርቲዎች በአንድ ቀን ሲያስመርጡ መራጩ ጠረጴዛው ፊት ቆሞ የየትኛውን ፓርቲ የድምፅ መስጫ ወረቀት እንደሚፈልግ መናገር አለበት። ከቀትር በኋላ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት መጡ። «እማማ፣ የዴሞክራቶቹን ነው የሪፐብሊካኖቹን?» ብዬ ስጠይቃቸው ከኋላቸው የተሰለፈውን ሰው ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይህ እኮ ጮክ ተብሎ የሚነገር ነገር አይደለም» አሉኝ። በጣታቸው ጠቁመው የፈለጉትን ወሰዱ። የትኛውን እንደ ወሰዱ መናገር አይገባኝም። ጥቂት ቆይተው ግን ወረቀቱን እንደ ያዙ ተመለሱና «ሌላ ሰው የለም?» ብለው ጠየቁኝ። «በወረቀቱ ላይ ያሉት እነዚህ ናቸው» ከማለት በቀር ልመልስላቸው የምችለው ነገር አልነበረም።

ያ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። በሪፐብሊካኖቹ ወረቀት ላይ ከሰፈሩት ስሞች አብዛኞቹ ቀደም ብለው ከውድድሩ የወጡ ሰዎች ነበሩ። በዴሞክራቶቹ ወረቀት ላይ ደግሞ ባይደን፣ ዲን ፊሊፕስና ማሪያን ዊሊያምሰን ብቻ ነበሩ፤ ፓርቲውም በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት መፎካከር የለበትም ብሎ አንድም ክርክር አላዘጋጀም። ጁን 27 ቀን አትላንታ ላይ ከትራምፕ ጋር በተደረገው ክርክር አገር ሁሉ ያየውን ድካም፣ ከወራት በፊት በፓርቲው መድረክ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ እውነተኛ ክርክር ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ ፓርቲው ገና ጊዜ ሳለው ባየው ነበር ብዬ አምናለሁ። ጁላይ 21 ቀን ባይደን ራሳቸውን ሲያገልሉ ለካማላ ሃሪስ የቀሯቸው 107 ቀናት ብቻ ነበሩ።

የእኔ አቋም ብርቱ የዕጩነት ፉክክር በራሱ ፓርቲን አይጎዳም የሚል ነው። የሚጎዳው ፉክክሩ የሚዳኝበት ሕግ በተሸናፊው ዘንድ ሳይታመን ሲቀርና ተሸናፊው ደጋፊዎቹን ይዞ ሲያኮርፍ ነው። 2008ን እናስታውስ። ጆን ማኬይን ማርች 4 ቀን ዕጩነታቸውን ሲያረጋግጡ ባራክ ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን ገና ትግሉ መሐል ነበሩ፤ ከጃንዋሪ 3 የአይዋ ምርጫ አንሥቶ እስከ ጁን 3 ድረስ አምስት ወር ሙሉ ተፎካከሩ። በዚያን ጊዜ ቡና ለመጠጣት በተቀመጥንበት ሁሉ የምንሰማው «እርስ በርሳቸው ተበላሉ፣ አለቀላቸው» የሚል ነበር። ነገር ግን ፉክክሩ በመርዘሙ ምክንያት ሜይ 6 ቀን የኢንዲያና ተራ ደረሰ። ኢንዲያና ከ1964 ወዲህ ለዴሞክራት ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ድምፅዋን ሰጥታ አታውቅም ነበር፤ የፓርቲው ዕጩዎችም ከዓመት ዓመት ትተዋት ያልፉ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሁለቱም ቢሮ ከፈቱባት፣ በጎ ፈቃደኞችን አሰለጠኑባት፣ አዲስ መራጮችን መዘገቡባት። ቅድመ ምርጫውን በጠባብ ልዩነት ያሸነፉት ክሊንተን ናቸው፤ ኖቬምበር ላይ ግን ያ የተዘረጋው መረብ ሁሉ ለኦባማ ዋለና ክፍለ ግዛቷን በ28 ሺህ ገደማ ድምፅ ልዩነት ወሰዷት። አሜሪካን አጥብቆ የነቀፈው የኦባማ ቄስ የጄርማያ ራይት ስብከትም ጉዳይ የተነሣው በዚያው ፉክክር ወቅት፣ ማርች ላይ ነው። ኦባማ ማርች 18 ቀን ፊላደልፊያ ላይ ስለ ዘር ጉዳይ ንግግር አድርገው መልስ ሰጡ፤ ዋናው ምርጫ ሲደርስ ነገሩ ያደረ ወሬ ሆኖ ነበር። ያ ስብከት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደ ነበር አስቡት።

የተለየ አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይም በየምትኖሩበት አካባቢ ያያችሁትን እንድትጽፉ እጠይቃለሁ። ቀናቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሰማንያው ተማሪ

ወንድሜ፣ 2008ን ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም። እኔ ግን 1980ን አይቻለሁ። በዚያን ጊዜ ኦሃዮ ውስጥ ተማሪ ነበርኩ፤ ከአገራችን የመጣን አምስት ልጆች በአንድ አፓርታማ እንኖር ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር በዚያው ዓመት ማርች ላይ የስደተኞችን ሕግ ፈርመው ስለ ነበር፣ በሱዳን በኩል ዘመድ የነበረን ሁሉ ውለታቸው እንዳለብን ይሰማን ነበር። ስለዚህ የእርሳቸው ነገር ለእኛ ተራ የቴሌቪዥን ወሬ አልነበረም።

ዴሞክራቱ ሴናተር ቴድ ኬኔዲ የገዛ ፓርቲያቸውን ፕሬዚዳንት ለመፎካከር መነሣታቸውን ያወጁት ኖቬምበር 7 ቀን 1979 ነው፤ በቴህራን የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞች ከታገቱ ሦስት ቀን በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ፓርቲ ሁለት ፓርቲ ሆኖ ከረመ። ኦገስት ላይ ኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተደረገውን ጉባኤ የመጨረሻ ምሽት አምስታችንም በአንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ተመለከትነው። ካርተር ንግግራቸውን ጨረሱ። ከጣሪያው ሊለቀቁ የተዘጋጁት ፊኛዎች አንወርድም አሉ። ኬኔዲ ዘግይተው መድረኩ ላይ ወጡ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክንዳቸውን ወደ ላይ እንዲያነሡ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በዚያ ሰው መሐል እየተከተሏቸው ሲጠብቁ፣ እርሳቸው የእጅ ሰላምታ ሰጥተው ብቻ ዘወር አሉ። ከመካከላችን አንዱ «ይኸው፣ ዛሬ ማታ ተሸነፈ» አለ። ኖቬምበር ላይ ካርተር ያገኙት 49 የውክልና ድምፅ (ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው፣ ለየክፍለ ግዛቱ የተመደበው ድምፅ) ነው፤ ሬገን 489 አገኙ።

1976ንም ጨምሩበት። ፕሬዚዳንት ፎርድ ሬገንን ካንሳስ ሲቲ ላይ በተደረገው የሪፐብሊካኖች ጉባኤ ዕጩውን በሚመርጡት ተወካዮች 1,187 ለ1,070 ድምፅ አሸንፈው ወጡና በካርተር ተሸነፉ። በ1992 አባት ቡሽ በኒው ሃምፕሸር ከፓት ቡካናን ብርቱ ፈተና ገጠማቸው፤ እርሳቸውም ተሸነፉ። ሦስት ፕሬዚዳንቶች በገዛ ቤታቸው ተፈተኑ፣ ሦስቱም ቤተ መንግሥቱን ለቀቁ። ይህን አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ለእኔ ይከብደኛል።

የአሌክሳንድሪያው

ጋሼ፣ ስለዚያ ምሽት የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሦስቱን ፕሬዚዳንቶች ነገር ግን መንሥኤውንና ውጤቱን ለይተን እንድንመረምረው እለምንዎታለሁ። በ1980 የኑሮ ውድነቱ በዓመት ከ13 በመቶ በላይ ነበር፤ ታጋቾቹ የምርጫው ቀን ሲደርስ ገና አልተፈቱም። ኬኔዲ ሊፎካከሯቸው የደፈሩት ፕሬዚዳንቱ አስቀድመው ስለ ደከሙ ነው። በሕዝብ ዘንድ የጸና ፕሬዚዳንትን ከራሱ ፓርቲ የሚፈታተን ትልቅ ሰው አይነሣም፤ ስለዚህ «የተፈተኑት ሁሉ ወደቁ» ስንል ምናልባት «የሚወድቁት ተፈተኑ» ማለታችን ሊሆን ይችላል።

ደግሞም በዚያው በ1980 በወዲያኛው ወገን የነበረውን እንይ። አባት ቡሽ በአይዋ ሬገንን አሸንፈው ነበር፤ የሬገንን የኢኮኖሚ ዕቅድም የጥንቆላ ኢኮኖሚ ብለው ተችተውታል። ጁላይ ላይ ዲትሮይት በተደረገው ጉባኤ ሬገን ያንኑ የነቀፋቸውን ሰው ምክትላቸው አድርገው መረጡ። በአንድ ዓመት ሁለት ፓርቲዎች ፉክክር አደረጉ፤ አንዱ ተሸናፊውን አቅፎ ወጣ፣ ሌላው በዚያ መድረክ ላይ እርስዎ እንዳዩት ሆኖ ወጣ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት የፉክክሩ መኖር ወይም አለመኖር አይደለም።

የ1976ቱንም ቢሆን ሪፐብሊካኖች ዛሬ እንደ ኪሳራ የሚቆጥሩት አይመስለኝም። አንድ ምርጫ አጡ፤ ነገር ግን ሬገን በዚያ ዓመት በየክፍለ ግዛቱ የሰበሰቧቸው ሰዎች ከዚያ ቀጥሎ በመጡት ሦስት ምርጫዎች ፓርቲውን ለድል አብቅተውታል።

ከዳላስ

ሁለታችሁም ስለ ፕሬዚዳንት ብቻ ትነጋገራላችሁ። እውነተኛው ጉዳት ያለው ከዚያ በታች፣ ሰው በማይከታተላቸው ምርጫዎች ውስጥ ነው። በ2010 በደላዌር ሪፐብሊካኖች ማይክ ካስል የሚባሉ፣ የክፍለ ግዛቱ አገረ ገዥ የነበሩና ለረጅም ዘመን በኮንግረስ ያገለገሉ ሰው ነበሯቸው። የሴኔቱ ወንበር በእጃቸው እንደ ገባ ይቆጠር ነበር። ሴፕቴምበር ላይ በተደረገው ቅድመ ምርጫ ክሪስቲን ኦዶኔል አሸነፏቸው፤ ኖቬምበር ላይ ደግሞ ኦዶኔል በክሪስ ኩንስ በ17 ነጥብ ገደማ ተሸነፉ። በ2012 በኢንዲያና ለ36 ዓመት በሴኔት የቆዩት ሪቻርድ ሉጋር በቅድመ ምርጫ ለሪቻርድ መርዶክ ቦታቸውን ለቀቁ፤ መርዶክም በዋናው ምርጫ ወንበሩን ለዴሞክራቱ አስረከቡ። ጉዳዩን ያነሣው ወንድማችን ያመሰገናት ኢንዲያና ይህችው ናት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቅድመ ምርጫ ቀን የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም ከሁሉ ይልቅ የተቆጣው ነው። እዚህ ቴክሳስ ከግማሽ በላይ ያገኘ ካልተገኘ ሁለተኛ ዙር ይደረጋል። በ2012 ሜይ ላይ በሪፐብሊካኖቹ የሴኔት ቅድመ ምርጫ ዴቪድ ዱኸርስት 45 በመቶ ገደማ አግኝተው ሲመሩ ቴድ ክሩዝ 34 በመቶ ገደማ ነበራቸው። ጁላይ 31 ቀን በዚያ ንዳድ፣ ከመጀመሪያው ዙር ያነሰ ሰው በወጣበት ሁለተኛ ዙር፣ ክሩዝ አሸነፉ። በቴክሳስ ወንበሩ አልጠፋም፤ በደላዌር ግን ጠፋ። ፓርቲ ማለት ዋናውን ምርጫ ለማሸነፍ የተሰባሰበ ማኅበር ከሆነ፣ ዕጩውን የመምረጡን ሥራ ዋናው ምርጫ ለማያሳስበው ጥቂት ሰው መስጠት ራስን መጉዳት ነው።

የ2016ቱንም አትርሱ። በሪፐብሊካኖቹ በኩል 17 ሰው ለፕሬዚዳንታዊ ዕጩነት ተፎካከረ። በደቡብ ካሮላይና ትራምፕ 32 በመቶ ተኩል ገደማ ድምፅ አግኝተው 50ውንም ተወካዮች ጠቀለሉ። ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው ሌላ ሰው ፈልጎ ነበር። አሸናፊው በኋላ ዋናውን ምርጫ አሸነፈ ወይም አላሸነፈ ማለት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ይህ የፓርቲው ምርጫ ነው ልንለው እንችላለን ወይ ብዬ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ከዳላስ የጻፉት ወንድሜ ስለ ጥቂት መራጮች ያነሡት ነገር እኔንም የሚያሳስበኝ ነው፤ መፍትሔው ግን ፉክክሩን ማጥፋት ሳይሆን በሩን ማስፋት ይመስለኛል።

እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ዋናው ምርጫ የሚባለው ኖቬምበር ላይ የሚደረገው አይደለም። ካውንቲው በአብዛኛው የዴሞክራት ስለ ሆነ፣ የቅድመ ምርጫው አሸናፊ ኖቬምበር ላይ ማሸነፉ የታወቀ ነው። በ2018 የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ቅድመ ምርጫ ማርክ ኤልሪክ ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምፅ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ እነዚሁ ሁለት ሰዎች እንደገና ተገናኙ፤ እያንዳንዳቸው 55 ሺህ ገደማ ድምፅ አገኙ፤ ድምፁ ዳግመኛ ተቆጥሮ ኤልሪክ በ32 ድምፅ አሸነፉ። ሠላሳ ሁለት! በአንድ ሠርግ ላይ በሁለት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጥ ሰው ማለት ነው። የቤት ኪራይን፣ የትምህርት ቤት በጀትን፣ አዲስ ሕንፃ የት እንደሚሠራ የሚወስነው ሥልጣን በዚህ ያህል ሰው ተቆረጠ።

በዚያ ዓመት ባለቤቴ ድምፅ መስጠት አልቻለም። ዜግነቱን ባገኘበት ቀን የመራጭነት ቅጹን ሲሞላ የፓርቲ አባልነት የሚለውን ሲያይ፣ ካደገበት አገር በያዘው ጥንቃቄ «እኔ የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም» ብሎ ክፍት ተወው። በሜሪላንድ ቅድመ ምርጫው ዝግ ነው፤ በፓርቲው ያልተመዘገበ ሰው የፓርቲውን ዕጩ አይመርጥም። እንደ እርሱ ያደረጉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ጠይቄ የማገኛቸው ከ32 ይበልጣሉ። ስለዚህ «ፉክክር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል» ከማለታችን በፊት ፉክክሩን የሚዳኘው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ መልካም ነው። አንድ ፓርቲ በብርቱ ፉክክር ያልፋል፤ ሆኖም ዳኛው ሰፈሩን የማይመስል ከሆነ ዕጩው የተፈተነው በሌላ ሰው ፈተና ነው።

የአሌክሳንድሪያው

እህቴ ያነሣችውን ከዳላሱ ወንድማችን ጥያቄ ጋር አያይዤ ልመልስ። ድምፅ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ጥቂት ደጋፊ ያለው ሰው ጠቅልሎ እንዳይሄድ ከሚያደርጉት መንገዶች አንዱ መራጩ ዕጩዎቹን በደረጃ የሚያስቀምጥበት አሠራር ነው፤ የመጀመሪያ ምርጫው ሲወድቅ ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። በጁን 2025 በኒው ዮርክ ከተማ የዴሞክራቶች የከንቲባ ቅድመ ምርጫ ዞህራን ማምዳኒና ብራድ ላንደር ለአንድ ወንበር እየተፎካከሩ «እኔን አንደኛ፣ እርሱን ሁለተኛ አድርጉ» ብለው አንዱ ለሌላው ድጋፍ ሰጡ። የተቀናቃኝህን ደጋፊ ሁለተኛ ምርጫ የምትፈልግ ከሆነ ተቀናቃኝህን በክፉ አትናገርም። ዋሺንግተን ዲሲም በኖቬምበር 2024 ይህን አሠራር በሕዝብ ድምፅ ተቀብላለች።

ነገር ግን አቋሜን የሚያናጋ አንድ ምሳሌ እኔው ራሴ ማንሣት አለብኝ፤ የሆነው በገዛ ክፍለ ግዛቴ ነውና። በ2021 የቨርጂኒያ ሪፐብሊካኖች ለአገረ ገዥነት ዕጩ የመረጡት በሕዝብ ቅድመ ምርጫ አልነበረም። ሜይ 8 ቀን አስቀድመው የተመዘገቡ 30 ሺህ ገደማ የፓርቲው ተወካዮች በየአካባቢያቸው ሄደው፣ ሰባት ዕጩዎችን በደረጃ አስቀምጠው፣ ግሌን ያንግኪንን መረጡ። ዴሞክራቶቹ ጁን 8 ቀን ለሁሉም ክፍት የሆነ ቅድመ ምርጫ አካሂደው፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ድምፅ ሰጥቶ፣ ቴሪ ማኮሊፍ አራት ተፎካካሪዎችን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ኖቬምበር ላይ ያሸነፉት በ30 ሺህ ሰው የተመረጡት ያንግኪን ናቸው፤ ልዩነቱም ሁለት ነጥብ ገደማ ነበር። ሰፊው በር የተሻለ ዕጩ ይሰጣል ብዬ አስብ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን አልሰጠም። ይህን ለረጅም ጊዜ አሰላስዬ የደረስኩበት፣ ማኮሊፍ የቀድሞ አገረ ገዥ በመሆናቸው ፉክክሩ ለስሙ ፉክክር ነበር እንጂ ውጤቱ ሳይጀመር የታወቀ መሆኑን ነው። በሪፐብሊካኖቹ በኩል ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ይህ ማብራሪያ ለአቋሜ ስለሚመች ብቻ የተቀበልኩት እንዳይሆን እሰጋለሁ፤ ስለዚህ የተሻለ ያለው ያርመኝ።

ከሚኒያፖሊስ

አርማለሁ ብዬ ሳይሆን ልጨምርበት ነው። በእኛ ከተማ ለከንቲባነት በፓርቲ የሚደረግ ቅድመ ምርጫ የለም፤ የፓርቲው ጉባኤ ድጋፉን የሚሰጠው ሰው ይመረጣል፣ ከዚያ ሁሉም ኖቬምበር ላይ በደረጃ በሚሰጥ ድምፅ ይወዳደራል። በጁላይ 2025 በታርጌት ሴንተር የተደረገው የዴሞክራቶቹ የከተማ ጉባኤ ድጋፉን ለክፍለ ግዛቱ ሴናተር ኦማር ፋቴህ ሰጠ። የከንቲባ ጄኮብ ፍሬይ ወገን በኤሌክትሮኒክ ድምፅ አሰጣጡ ላይ አቤቱታ አቀረበ፤ ኦገስት ላይ የክፍለ ግዛቱ ፓርቲ ድጋፉን ሻረው። ኖቬምበር ላይ ፍሬይ አሸነፉ።

በከተማችን ያሉ ምሥራቅ አፍሪካውያን ወጣቶች ብዙዎቹ በዚያ ወቅት ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ፖለቲካ ውስጥ የገቡት። ከእነርሱ ጋር ስነጋገር ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ መሸነፉን ችለውታል፤ ኖቬምበር ላይ በድምፅ ብልጫ መሸነፋቸውን የሚያማርር አላገኘሁም። ያልቻሉት አሸንፈዋል ከተባሉ በኋላ በጽሕፈት ቤት ውሳኔ መሻሩን ነው። የሻሩትም ሰዎች የድምፅ ቆጠራው ጉድለት ነበረበት ብለው በማስረጃ ነው የወሰኑት፤ ጉድለት ያለበትን ውጤት ማጽደቅም ትክክል አይሆንም ነበር። ጥፋቱ የተፈጸመው ከዚያ በፊት፣ ጉባኤው ሳይጀመር፣ ቆጠራው ማንም እንዳይጠረጥረው ሆኖ ሳይዘጋጅ የቀረ ጊዜ ነው። የፈለገውን ያህል ብርቱ ፉክክር ይሁን፣ ቆጠራው ካልታመነ ለፓርቲው የሚተርፈው ቂም ነው። በዚህ ነጥብ ክሩን ከከፈተው ወንድሜ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ከአሽዶድ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። በእኛ አገር ሰው የሚመርጠው የፓርቲ ዝርዝር ነው፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ስንተኛ መሆንህ ወደ ክኔሴት፣ ማለትም ወደ ፓርላማው፣ መግባትህን ይወስናል። ሌበር ፓርቲ መሪውን በአባላቱ ሁሉ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው በ1992 ነው። ከዚያ በፊት ውሳኔው የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ (ማዕከሉ) ነበር። ፌብሩዋሪ 19 ቀን ይስሐቅ ራቢን፣ ሺሞን ፔሬስና ሌሎች ሁለት ሰዎች ቀረቡ። ራቢን ያለ ሁለተኛ ዙር ለማለፍ 40 በመቶ ያስፈልጋቸው ነበርና ጥቂት አለፍ ብለው አሸነፉ። ራቢንና ፔሬስ ለሃያ ዓመት ያህል የማይዋደዱ ሰዎች መሆናቸውን አገር ያውቃል። ነገር ግን ፔሬስ ውጤቱን ተቀበሉ፤ ጁን ላይ ሌበር 44 ወንበር፣ ሊኩድ 32 ወንበር አገኘ፤ ፔሬስም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ማዕከሉ ብቻ ቢወስን ኖሮ መሪው ማን ይሆን እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

የፕራይመሪሱ (የአባላቱ ቅድመ ምርጫ) ሌላ ገጽታም አለ። አባልነት ክፍያ አለው፤ ቀኑ ከማለፉ በፊት በየሰፈሩ እየዞሩ አባል የሚያስመዘግቡ ሰዎች አሉ፤ እነዚህም ድምፁን በጅምላ ይዘው ከዕጩዎች ጋር ይደራደራሉ። የእኛ ማኅበረሰብ ሽማግሌዎች ቅጽ ፈርመው የማን አባል እንደ ሆኑ ሳያውቁ የቀሩበትን ጊዜ አውቃለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ለስደተኞች የተለየ ቦታ በዝርዝሩ ላይ ባይያዝ ኖሮ እንደ እኛ ያለ ትንሽ ማኅበረሰብ በአገር አቀፍ የአባላት ድምፅ ብቻ ሰው ማስገባት ይከብደዋል። አዲሱ መሠለ በ1996 በሌበር ዝርዝር የመጀመሪያው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የክኔሴት አባል ሲሆኑ ቤታችን ውስጥ እልልታ ነበር፤ እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታለች። ያ ደስታ የተገኘው ከፉክክሩም፣ ለአነስተኛው ወገን ቦታ ከሚያስጠብቀው ሕግም ነው። ሁለቱን መነጣጠል አልችልም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ወደ መጀመሪያው ጽሑፍ ልመለስ። በ2024 ፉክክር ቢኖር ኖሮ ዴሞክራቶች ያሸንፉ ነበር የሚል ሐሳብ ውስጥ ውስጡን ያለ ይመስለኛል፤ ይህን መቀበል ያስቸግረኛል። የዕቃ ዋጋ ተወድዶ ነበር፤ በዚያ ዓመት በብዙ አገሮች በሥልጣን ላይ ያሉ ፓርቲዎች ተቀጥተዋል። ሃሪስ ቅድመ ምርጫ አሸንፈው ቢመጡም ያው ዋጋ፣ ያው የባይደን መንግሥት ጀርባቸው ላይ ነበር። ደግሞ በፌብሩዋሪ 27 በሚሺጋን ከ100 ሺህ በላይ ሰው በጋዛ ጉዳይ ተቆጥቶ «ማንንም አልመረጥኩም» የሚለውን ሳጥን መርጦ ነበር። እውነተኛ ፉክክር ተደርጎ ቢሆን ያ ቁስል ይሽር ነበር ወይስ ይሰፋ ነበር?

የአሌክሳንድሪያው

ያሸንፉ ነበር ማለት አልችልም፤ እንዲህ የሚያስመስል ነገር ጽፌ ከሆነ እመልሰዋለሁ። የማምነው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። የሚሺጋኑ ድምፅ የተሰጠው ለሰው አይደለም፤ የሚመርጡት ሰው አጥተው ለባዶ ሳጥን ሰጡት። ፓርቲው መቆጣታቸውን አወቀ፤ ምን ቢደረግ እንደሚመለሱ ግን የሚያሳየው ዕጩ አልነበረም። በፉክክር ውስጥ ቢሆን አንድ ሰው ያን ቁጣ ይዞ መድረክ ላይ ይቆም፣ ይከራከር፣ ይሸነፍ ወይም ያሸንፍ ነበር፤ ቢሸነፍም ደጋፊዎቹን ይዞ የሚደራደረው ነገር ይኖረው ነበር። ቁስሉ ይሰፋ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄሽ እርግጠኛ መልስ የለኝም። ተሸፍኖ ከርሞ ኖቬምበር ላይ እንዳልዳነ ግን አይተናል።

የሰማንያው ተማሪ

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አንብቤ አንድ ነገር ልመልስ። የአሌክሳንድሪያው ልጄ በ1980 ስለ ቡሽና ሬገን የጻፈው አሳምኖኛል። በአንድ ዓመት የሆነውን የሁለቱን ፓርቲ ነገር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አስቤው አላውቅም ነበር፤ እኛ የምናየው ያዘንንለትን ሰው ብቻ ነበር።

እንግዲያውስ የተሸናፊው ጠባይ እንዲህ ወሳኝ ከሆነ፣ ፓርቲው በዕድል ላይ ሊተወው አይገባም። ሂላሪ ክሊንተን ጁን 7 ቀን 2008 ውጤቱን ተቀብለው ተናገሩ፤ ኦገስት ላይ ዴንቨር በተደረገው ጉባኤም ቆጠራው እንዲቆምና ኦባማ በአንድ ድምፅ እንዲመረጡ ራሳቸው ጠየቁ። ያን ያደረጉት ጠባያቸው መልካም ስለ ሆነ ብቻ አይመስለኝም፤ ደጋፊዎቻቸው በጉባኤው ላይ ስማቸው እንዲነሣ፣ ድምፃቸው እንዲቆጠር ስለ ተፈቀደላቸው ጭምር ነው። በተቃራኒው በ2006 በኮነቲከት ጆ ሊበርማን በቅድመ ምርጫ በኔድ ላሞንት ተሸነፉና በግል ተወዳድረው ወንበራቸውን መልሰው ወሰዱ። በ2025 በኒው ዮርክ አንድሩ ኩዎሞም እንዲሁ ሞክረው አልሆነላቸውም። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ይህን የሚከለክል ሕግ አለ። እኔ ግን ሰውን በሕግ አስሮ ከማስቀረት ይልቅ ተሸናፊውን በክብር የሚቀበል ሥርዓት ይሻላል ባይ ነኝ። ያ ምሽት ኬኔዲ እጃቸውን እንዲያነሡ ካርተር ከመጠበቃቸው በፊት፣ በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ውስጥ ምን አቅርበውላቸው ነበር? ይህን ጥያቄ በዚያን ጊዜ ማናችንም አላነሣንም።

ከዳላስ

ጋሼ፣ ስለ ደላዌር የጻፍኩትን አልመልስም፤ አሁንም ጥቂት የተቆጡ ሰዎች ወንበር አሳጥተዋል እላለሁ። ነገር ግን የሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን ስለ ባለቤቷ የጻፈችው አሳሰበኝ። እኔ ራሴ እዚህ ቴክሳስ ውስጥ በፓርቲ መመዝገብ ሳያስፈልገኝ፣ በቅድመ ምርጫው ቀን መጥተህ የምትፈልገውን ወረቀት ውሰድ እየተባልኩ፣ ለዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አልሄድኩም። የማማርረው ስለ እነዚያ ጥቂቶች ሆኖ ሳለ ከቀሩት መካከል አንዱ እኔ ነበርኩ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ወንድሜ፣ ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት መንጃ ፈቃዱን ሲያድስ እዚያው መስኮት ላይ የፓርቲ ምዝገባውን አስተካክሏል። በሜሪላንድ ያላችሁ ካላችሁ ቀነ ገደቡ ከምርጫው ቀን ሳምንታት ቀድሞ እንደሚያልፍ እወቁ፤ በምርጫው ዕለት መጥቶ ፓርቲ መቀየር አይቻልም። የትኛውን ፓርቲ እንደ ጻፈ ጠየቅሁት። ከጀርባው ልጆቹ ነበሩ፤ ዞር ብሎ አያቸውና ወረቀቱን አሳየኝ እንጂ አልነገረኝም።